አልጣሽን በእግር የጠየቅንበት ሰሞን

አልጣሽ ሙሽራ ትሠራለች። ሙሽራ መሥራት ማለት እንግዲህ ፀጉር ማጠብ፣ በቢጎዲን መጠቅለል፣ ማድረቂያው ካስክ ውስጥ ማስገባት፣ ማበጠር፣ ወደ ላይ ማንሳት፣ ቬሎውን መሰካት፣ ከዚያም ልጅቷን መስታወት ፊት አቁሞ «በይ አሁን ሂጂና አግቢ» እስከማለት ያለው ሥራ ሁሉ ነው። አንዷ ሙሽራ አራት ሰዓት ትወስዳለች፤ ሚዜዎቹ ሲጨመሩ ቀኑ ያልቃል። ይህ ሁሉ የሚሠራው በቁም ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ወንበር ላይ የምትቀመጠው ሙሽራዋ ብቻ ናት። ወሎ ሰፈር፣ ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ባለው የፍረወይኒ ፀጉር ቤት፣ አልጣሽ እንዲህ ሆና ሃያ አንድ ዓመት ቆማለች።

እኔ ጎረቤቷ ነኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ በሬ ከበሯ ፊት ለፊት ነው፤ ስለዚህ እዚህ የምጽፈውን ወይ አይቼዋለሁ፣ ወይ በበሩ በኩል ሰምቼዋለሁ። የሰው ታሪክ ለመጻፍ የግድ ታላቅ ሰው መፈለግ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ለካ ያቺ ሰው በየቀኑ ደረጃ ላይ እየተገናኘን «ውሃ መጣ?» የምንባባላት ጎረቤቴ ናት።

ነገሩ የሆነው በ2008 ዓ.ም. ነው፤ የከተማው ባቡር መሮጥ በጀመረበት ዓመት። በዚያን ጊዜ ቦሌ ላይ ሕንፃ የማይሠራ ሰው ካለ ሠርግ እየደገሰ ነው ማለት ነው። አንዳንዱማ ሁለቱንም ነበር። የሠርጉ ብዛት ለአልጣሽ ደስታዋ ነበር፤ ለእግሯ ግን አልነበረም።

እግሯን በስድስት ዓመት ጉርብትና አይቼው አላውቅም ነበር። ቀሚሷ መሬት ይጠርጋል፤ ከሥሩ ደግሞ በጠራራ ፀሐይ እንኳ የማታወልቀው ወፍራም ካልሲ አለ። ጨዋነቷ ነው ብዬ አልፌዋለሁ። አንድ ቀን ግን ደረጃው መሃል ቁጭ ብላ አገኘኋትና ምን ሆንሽ ስላት፣ ካልሲዋን ወደ ታች ጠቀለለችው። ከጉልበቷ ጀርባ ጀምሮ እስከ ቁርጭምጭሚቷ የዋርካ ሥር የመሰለ ሰማያዊ ነገር ተጠማዝዞ ወርዷል። ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆዳው ጠቁሯል፤ በጥቁሩ መሃል ቁስል አለ። የአንድ ብር ሳንቲም ያህላል።

ሁለተኛ ልጇን ከወለደች ጀምሮ ነው ደም ሥሩ የተገታተረው። ሲመሽ እግሯ ውስጥ ሰው የተቀመጠ ያህል ይከብዳታል፤ ሌሊት ባቷን ይጨመድዳታል። ቁስሉ የመጣው ግን በቅርቡ፣ የካስኩ ወንበር ጠርዝ ገጭቷት ነው። ስምንት ወር አልድን አለ። ማር ቀብታዋለች፣ ፌጦ አድርጋበታለች፣ ጠበል ተጠምቃለች፣ ከፋርማሲ የተገዛ ቅባት ደርድራለች። አንድ ዘመዷ ዋግምት አስይዢው ብሏት ነበር፤ እግዚአብሔር ይስጣትና ያን ብቻ እምቢ ብላለች።

«ለጅሬኛ ነግረሽዋል?» አልኳት። ጅሬኛ ባሏ ነው፤ ከሰሚት መገናኛ ታክሲ ይነዳል።

«ባሌ ይህን እግሬን የሚያየው የነገሥኩ ቀን ነው» አለችኝ። ደግሞ ሳቀች።

ሳቋ ያበቃው በኅዳር ነው። ፍረወይኒ ቦሌ መንገድ ላይ አዲስ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ተከራይታ ነበር፤ ለሙሽራ ብቻ የተለየ ክፍል ያለው፣ መብራቱ ከአራት በኩል የሚመጣ። ጥር ላይ ልትገባ ነው። አንድ ማክሰኞ የአልጣሽ ካልሲ ላይ እርጥብ ነገር አየችና ወደ ጓዳ ጠራቻት። ፍረወይኒ ክፉ ሴት አይደለችም፤ የተናገረችውም በፍቅር ነው።

«አልጣሽዬ፣ አዲሱ ቤት ስንገባ አንቺ በሩ ጋ ተቀመጪ። ስልክ ታነሻለሽ፣ ቀጠሮ ትይዣለሽ። ደመወዝሽ አይነካም። ሙሽራውን ለልጆቹ እንተውላቸው።»

ያን ዕለት ማታ በበሩ በኩል የሰማሁት ለቅሶ ነው። ገባሁ። ጅሬኛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ የሚስቱን እግር ጭኑ ላይ አሳርፎ ያያል። እሷ ደግሞ ሁለት እጆቿን ዘርግታ ታሳየኛለች።

«እጄ ደህና ነው እኮ! እጄ ደህና ሆኖ፣ በእግሬ ምክንያት ሃሎ ስል ልዋል?»

መፍትሔው የመጣው ካስክ ውስጥ ካለች ደንበኛ ነው። ካስክ ውስጥ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ስለሚደፈን መጮኹ አይታወቀውም። ነርስ የሆነች ደንበኛዋ አልጣሽ ጎንበስ ብላ ካልሲዋን ስታስተካክል ቁስሉን አየችና በሹክሹክታ የጠየቀቻት መስሏት፣ እግርሽን ለደም ሥር ሐኪም አሳይተሽው ታውቂያለሽ ወይ፣ ይሄ እኮ አሁን ሳይቀደድ ይታከማል ብላ ቤቱን በሙሉ አሰማችው። ለዓመታት የተደበቀው እግር በአንድ ደቂቃ አደባባይ ወጣ። አልጣሽ በሀፍረት ልትሞት ምንም አልቀራት። አድራሻውን ግን ተቀበለች።

ሦስታችን ሄድን፤ እሷ፣ ጅሬኛና እኔ። ዶክተር አብዱልሐሚድ ወጣት ናቸው፤ ከታላቁ ልጄ ቢበልጡ በሁለት ዓመት ነው። አልጣሽን አቁመው እግሯን ቀዝቃዛ ነገር ቀቡና በአልትራሳውንድ ማየት ጀመሩ። ከማሽኑ «ሹ... ሹ...» የሚል ድምፅ ይወጣል። ስክሪኑ ላይ ሰማያዊና ቀይ ይርመሰመሳል።

ከዚያ ቁጭ ብለው እንዲህ አስረዱን። ደም ወደ እግር መውረዱ ቀላል ነው፤ ችግሩ መልሶ መውጣቱ ላይ ነው። ለመውጫው ብሎ ፈጣሪ ደም ሥሩ ውስጥ ትናንሽ በሮች ሠርቷል፤ ደሙ ወደ ላይ ሲያልፍ ይከፈታሉ፣ እንዳይመለስ ይዘጋሉ። ሰው ለዓመታት ሲቆም፣ ሲወልድ፣ ዘሩም ካለበት፣ በሮቹ ይረግባሉ። ደሙ ወደ ታች ተመልሶ ይጠራቀማል፣ ደም ሥሩን ይገታትራል፣ በመጨረሻ ቆዳውን ይበላል። ቅባት ቢቀቡት ቢቀቡት የማይድነው ቁስሉ ከላይ ሳይሆን ከውስጥ ስለሚመጣ ነው።

መታከሚያውን ደግሞ አንድ በአንድ ዘረዘሩት። ቀላሉ አጥብቆ የሚይዝ የሕክምና ካልሲ ነው፤ ያግዛል እንጂ በሩን አይጠግንም። ድሮ ብሽሽት ላይ ቀድደው ደም ሥሩን ቋጥረው መዝዘው ያወጡት ነበር፤ አሁንም ለአንዳንድ ሰው ይሠራል፤ ተኝቶ መክረም ግን አለው። አሁን የመጣው ደም ሥሩ ውስጥ እንደ ክር የቀጠነ ነገር አስገብቶ በሌዘር ሙቀት ከውስጥ መዝጋት ነው፤ ማደንዘዣው እዚያው እግሩ ላይ ብቻ ነው፣ ሰውየው እያወራ ይታከማል። ለትናንሾቹ ደግሞ አረፋ የሆነ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል። ለአልጣሽ ትልቁን በሙቀት፣ በቁስሉ ዙሪያ ያሉትን በአረፋ እንሠራለን አሉ።

አልጣሽ ሁሉንም ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች።

«ዶክተር፣ መንገዱን ከዘጋችሁት ደሜ በየት ሊሄድ ነው? እግሬ ደርቆ አይቀርም?»

ዶክተሩ አፋቸውን ከመክፈታቸው በፊት ጅሬኛ ቀደማቸው። እስከዚያች ደቂቃ ኮፍያውን ሲያሽከረክር ነበር።

«አልጢ፣ ለባቡሩ ብለው መገናኛን ሲቆፍሩት ረሳሽው? ዋናው መንገድ ተበላሽቶ ክፍት ሲሆን ሁላችንም እዚያው ገብተን ተሰንጎ መዋል ነው። ዘግተው ቆርቆሮ ሲያቆሙበት ጊዜ ግን ታክሲው ሁሉ ውስጥ ለውስጡን ለመደው። ማን ሰው ቤቱ ሳይገባ ቀረ?»

ዶክተሩ ከት ብለው ሳቁ። ጥልቅ ያሉት ደም ሥሮች ደህና ናቸው፣ ደሙ በእነሱ ይሄዳል አሉ፤ ከዛሬ ወዲያም ለበሽተኛ ሁሉ የሚያስረዱት በመገናኛ እንደሆነ ነገሩን። ጅሬኛ ያን ቀን ሐኪም ሆኖ ነው ወደ ቤቱ የተመለሰው።

ቀኑ በጾሙ ውስጥ ተያዘ። በገና ጾም ሙሽራ ስለሌለ ፀጉር ቤቱ ቀዝቃዛ ነው፤ እስከ ጥምቀት ስድስት ሳምንት አለ። ፍረወይኒም ሰምታ፣ በጥር ቆማ ካየኋት የሙሽራው ክፍል የእሷ ነው፣ ካልቆመች ግን ወንበሩ ይጠብቃታል አለች። እንግዲህ ስድስት ሳምንት ነው ያለው፤ ወይ ክፍሉ፣ ወይ ስልኩ።

ሕክምናው አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ማደንዘዣው ሲወጋ ጉንዳን እንደነከሳት ቆጠረችው፤ ከዚያ በኋላ የቀረውን ጊዜ ዶክተሩን የረዳችው ነርስ ፀጉር በምን እንደተቃጠለ ስታስረዳት ጨረሰች። የሕክምናውን ካልሲ እስከ ጭኗ ድረስ አለበሷት። ተነሺ አሏት፣ ተነሳች። ተራመጂ አሏት፣ ተራመደች። ኮሪደሩን ሦስት ጊዜ ተመላለሰችና ዞራ አየችኝ፤ ዓይኗ ሞልቷል። ዶክተሩ ጥብቅ አድርገው ያዘዙት ሁለት ነገር ነው። ካልሲው አይወልቅም፤ ጠዋትና ማታ ግማሽ ግማሽ ሰዓት መራመድ አለ። አልጋ ላይ መዋል የለም፣ ደም ይረጋል። ወረቀት ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ከሥሩም በቀይ አሰምሬበታለሁ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ስሕተት እንግዲህ በሐኪም አይሳበብም። የእኛው ነው።

በማግስቱ ጠዋት በደስታ ተራመደች። ከሰዓት በኋላ ግን የእድሩ ሴቶች ሊጠይቋት መጡ፤ ከፊት ወይዘሮ ሙሉ፣ የሴቶቹ ሰብሳቢ። ወይዘሮ ሙሉ የሚያውቁት ሕግ አለ፤ ማንም ባይጽፈውም ሁላችንም እናውቀዋለን። ታሞ የሚጠየቅ ሰው ተኝቶ ነው የሚገኘው። ሰው ከሥራው ቀርቶ፣ ብርቱካን ገዝቶ፣ አራት ፎቅ ወጥቶ ሲመጣ፣ በሽተኛዋ ራሷ በር ከከፈተች ምን ሊባል ነው? አልጣሽ ድምፃቸውን ደረጃው ላይ ስትሰማ ሮጣ አልጋ ውስጥ ገባች። ጋቢ እስከ አገጯ ሳበች። እኔስ? እውነቱን ልናገር፤ ትራሱን ያስተካከልኩላት እኔ ነኝ።

አንድ ቀን ቢሆን ባልከፋ። ጠያቂ ግን በአንድ ቀን አያልቅም። ካስክ ውስጥ የተወራው ወሎ ሰፈርን ስላዳረሰው የሃያ አንድ ዓመት ሙሽሮች ልጆቻቸውን ይዘው መምጣት ጀመሩ። ጠዋት ሦስት ሰው፣ ከሰዓት ስድስት። ሁሉም አጥሚት ይዞ ይመጣል፤ ሁሉም «እስቲ እንየው» ይላል። ለማሳየት ካልሲው ይወልቃል፤ ወልቆም ይቀራል። ወይዘሮ ሙሉ በየቀኑ እየመጡ ትራስ ይጨምራሉ። ሐኪሙ ተራመጂ ብሎኛል ብትላቸው፣ ሐኪም ምን ቸገረው፣ እግሩ የሱ አይደል አሏት። አልጣሽ አምስት ቀን ተኛች።

በአምስተኛው ቀን ባቷ ላይ አንድ ደም ሥር እንደ ሽቦ ጠጠረ። ነካ ሲያደርጉት ትጮኻለች፤ ዙሪያው ቀልቷል። ጅሬኛ ተሳፋሪ መንገድ ላይ ይቅርታ ብሎ አውርዶ መጣ። በታክሲው ስንሄድ አልጣሽ የኋላው ወንበር ላይ ሆና የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስልኩ ይሻለኝ ነበር፣ ስልኩ ይሻለኝ ነበር።»

ዶክተሩ ብዙ ጊዜ ወስደው በማሽኑ አዩ። ትልቁ ደም ሥር እንደተዘጋ ነው፤ ውስጠኞቹ ደህና ናቸው። የረጋው ከላይ ያለ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው። ይህን ከነገሩን በኋላ ካልሲው የት እንዳለ ጠየቁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነበር።

«አልጋ ላይ እንዲውሉ ማን ነው ያዘዘዎት?» አሏት።

አልጣሽ አንገቷን ደፋች። «እድር ነው፣ ዶክተር።»

አልሳቁም። ውስጠኛው ቢሆን ኖሮ የረጋው ደም ወደ ሳንባ ሊሄድ ይችል እንደነበር ነገሯት፤ መድኃኒት ጻፉላት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

«እኔ የምችለውን ሠርቻለሁ። የቀረው መድኃኒት እግርዎ ውስጥ ነው ያለው፤ ካልተራመዱ አይወጣም። እንግዶችዎን ካከበሩ ጥር ላይ አይቆሙም። ይምረጡ።»

ወደ ቤት ስንመለስ ጅሬኛ ቤቱን ቆልፌ የለም እላለሁ አለ። አይሆንም፤ ጠያቂ የመለሰ ሰው ነገ ለቅሶው ላይ ማን ይመጣለታል? እኔ በር ላይ ወረቀት ልለጥፍ አልኩ። እሱም ነውር ነው። አልጣሽ እስክንጨርስ ሰማችን፤ ሃያ አንድ ዓመት ሙሽራና የሙሽራ እናት ስታስታርቅ የኖረች ሴት ናት። ስልኳን አወጣችና ወይዘሮ ሙሉ ጋ ደወለች። አንደበቷ ማር ነበር። እትዬ ሙሉ ቢኖሩልኝ ነው የምድነው አለች፤ ሐኪሙ ብቻዬን እንዳልራመድ አዞኛል አለች። ይህቺ የራሷ ጭማሪ ናት። ከነገ ጀምሮ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ብሎኩ ሥር እጠብቅዎታለሁ፤ የሚጠይቀኝ ሁሉ እዚያ ይምጣ፤ ጠፍጣፋ ጫማ ቢሆን ደግ ነው።

ወይዘሮ ሙሉ በማግስቱ ፔርሙዛቸውን እንደያዙ መጡ። ፊታቸው አልተፈታም።

«በዕድሜዬ በሽተኛ ቀድሞኝ ሲሄድ ከኋላ እየሮጥኩ ጠይቄ አላውቅም» አሉ።

«እንግዲህ እትዬ፣ ጎን ለጎን እንሂዳ» አለች አልጣሽና ክንዳቸውን ያዘች።

ከብሎካችን እስከ ታክሲ ተራው፣ ከዚያ በመዋዕለ ሕፃናቱ ዞሮ ተመልሶ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያ ቀን ስድስት ነበርን። በሦስተኛው ቀን አሥራ አራት። አጥሚቱ በጉዞ ላይ ይጠጣል፣ ብርቱካኑ እየተራመደ ይላጣል። ሱቅ በር ላይ የቆሙ ጎረምሶች ሰልፍ ነው ወይ፣ የት ነው ግቡ እያሉ ይተርቡናል፤ አንዷ የአልጣሽ ሙሽራ የነበረች፣ የሁለት ልጆች እናት፣ «ግቡ ጥር ነው!» አለቻቸው። ጅሬኛም ከሥራ ሲመለስ ታክሲውን አቀዝቅዞ ጥሩንባ እየነፋ ያልፋል። መንገደኛ ያደባባይ ሠርግ መስሎት እልል ያለልን ቀን አለ።

በሁለተኛው ሳምንት ላይ ወይዘሮ ሙሉ ወደ ኋላ ቀሩ። ዞር ስንል የአንዱ ብሎክ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለዋል። ሌሎቹ ቀጠሉ፤ አልጣሽና እኔ ተመለስን። ወይዘሮ ሙሉ ግራና ቀኝ አይተው የቀሚሳቸውን ጫፍ አንድ ስንዝር ብቻ ከፍ አደረጉ። ሰማያዊው ሥር እዚያም አለ፤ ከአልጣሽ ይወፍራል።

«ሠላሳ ዓመቱ ነው» አሉ በዝግታ። «ያ መርፌ... ያማል እንዴ?»

አልጣሽ ጎናቸው ተቀመጠች። ያመማትንና ያላመማትን፣ ፈርታ የነበረውን፣ የመገናኛውን መንገድ ሳይቀር ነገረቻቸው። ትራስ ስለጨመሩት ቀናት አንድም ቃል አላነሳችም። ከዚያ ግማሽ ሰዓቷ እንዳይጎድል ተነሳች፤ እሳቸውንም ይዛ ተነሳች።

በአምስተኛው ሳምንት ዶክተሩ ማሽኑን አዙረው ለራሷ አሳዩዋት። ትልቁ ደም ሥር ክር ሆኗል፤ ደሙ በውስጠኛው እየሄደ ነው። ያ ሽቦ የመሰለው ለስልሷል። ቁስሉ የምስር ፍሬ አክሏል። ጥቁሩ ቆዳ ቶሎ አይጠፋም፣ ምናልባትም እንዲሁ ይቀራል አሉ፤ ካልሲውም በሥራ ሰዓት ይቀጥላል፤ ሌላ በር ወደፊት ሊረግብ ስለሚችል በዓመት አንዴ ትምጣ አሉ። አልጣሽ ለጥቁሩ ደንታ አልነበራትም። የጠየቀችው ስለ ጥር ነው።

«ይቆማሉ» አሉ ዶክተሩ። «ግን እንደ ሐውልት አይቁሙ። በየደቂቃው ተረከዝዎን ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ ባትዎ ደሙን እንዲገፋልዎት።»

ከጥምቀት በኋላ ያለው እሁድ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቦሌ መንገድ፣ አዲሱ ሕንፃ፣ ሦስተኛ ፎቅ ነበርን። እኔ ለማየት ነው የሄድኩት፤ ማን ያስቀረኛል? ሙሽራዋ ሳባ ትባላለች፤ አምስት ሚዜ አላት። ፍረወይኒ በሩን ተደግፋ ሰዓቷንም የአልጣሽንም እግር ታያለች። በሩ አጠገብ ያለው የስልኩ ወንበር ባዶ ነው።

አልጣሽ ቢጎዲኑን ፈታች፣ አበጠረች፣ አነሳች። አንድ ሰዓት ሄደ፤ ሁለት ሰዓት ሄደ። ከሙሽራዋ ጀርባ ቆማ ተረከዟን ከፍ፣ ዝቅ፣ ከፍ፣ ዝቅ ታደርጋለች። ሚዜዎቹ በመስታወቱ ያይዋታል። አንዷ ጨዋታ መስሏት በእጇ አብራ መታች፤ ሁለተኛዋ ዘፈን ጀመረች፤ ከዚያ አምስቱም ተነስተው በአልጣሽ እግር ልክ እየዘለሉ ማጨብጨብ ሆነ። ሙሽራዋ አንገቷን ማንቀሳቀስ ስለማትችል ዓይኗን ብቻ እያንከባለለች ምን እየሆነ ነው ትላለች። አልጣሽ ቬሎውን በጥርሷ እንደያዘች ሳቀች፤ ተረከዟ ግን አልቆመም።

አራት ሰዓት ሲሞላ ቬሎው ተሰካ። ፍረወይኒ ከበሩ ተላቃ ሄደችና የስልኩ ወንበር ላይ ራሷ ተቀመጠች። ስልኩ ሲጮኽ አነሳችው።

«ሃሎ። አዎ፣ ለሙሽራ እንይዛለን» አለች። «አልጣሽ ናት የምትሠራሽ። እስከ የካቲት ድረስ ሞልታለች፤ ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ እሁድ አላት። ልያዝልሽ?»